ጄኔራሉ ያቃጠሏቸው ወረቀቶች

«ፑሽኪን ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ በሳር ቤት መስመር በሚመላለሱ ታክሲዎች ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ የቆጠረ የለም። ስሙ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ሩሲያዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን አዲስ አበባን በዐይኑ አላያትም፤ አደባባይ የተሰየመለትና ሐውልት የቆመለት በቅድመ አያቱ ምክንያት ነው። የእናቱ አያት በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በሩሲያ እስከ ጄኔራልነት የደረሰ ሰው ነበር። ያ ሰው የእኛ አገር ልጅ ነው የሚለው እምነት እዚህም፣ አስመራም ሥር ሰድዷል።

ዛሬ የማነሣው ግን የወረቀት ነገር ነው፤ የተጻፈ፣ የተቃጠለና በስንት አጋጣሚ የተረፈ ወረቀት። (ዓመቶቹ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው አብራም ፔትሮቪች ሃኒባል ይባላሉ። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣቸው፣ በፈረንሳይ ጦር ተሰልፈው ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ፣ ምሽግ የገነቡና ቦይ ያስቆፈሩ የጦር መሐንዲስ ነበሩ። ሩሲያኛና ፈረንሳይኛ እንደ ልባቸው ነበር። ጀርመንኛ በሚነገርበት በባልቲክ ዳርቻ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ ሚስታቸውም ከዚያው ናቸው። በቁስጥንጥንያ የቆየ ልጅ ደግሞ ቱርክኛ ሳይለምድ አይቀርም። ከእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ለመጻፍ የመረጡት ፈረንሳይኛን ነበር።

ጻፉትም። ከዚያ አቃጠሉት። ፑሽኪን ከዘመዶቹ የሰማውን ሲመዘግብ፣ ቅድመ አያቱ ድንጋጤ ይነሣባቸው እንደ ነበር፣ በአንዱ እንዲህ ባለ ቀን ማስታወሻውን ከሌሎች ውድ ወረቀቶች ጋር ፊታቸው እንዲቃጠል እንዳዘዙ ጽፏል። ሌላም ነገር አክሏል፦ ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ የደወል ድምፅ ሲሰሙ ይንቀጠቀጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደወል አይደለም። በዚያ ዘመን በሩሲያ የመንገድ ፈረሶች ቀንበር ላይ ትንሽ ደወል ትንጠለጠል ነበር። በገጠር ርስቱ ለተቀመጠ ሹም የዚያች ደወል ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የመንግሥት መልእክተኛ ነው። መልእክተኛ ከሆነ ደግሞ ሹመት ይዞ ይምጣ እስራት፣ ደጃፍ እስኪደርስ አይታወቅም።

ይህን ያነበብኩ ቀን ሐሳቤ ወደ ቤታችን ነው የሄደው። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በአዲስ አበባ በስንቱ ጓዳ መጽሐፍና ደብዳቤ ከከሰል ምድጃ ተጨምሯል! በእኛ ቤት አልበም ውስጥ በመቀስ የተቆረጠ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። በአንድ በኩል አጎቴ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ የሰው እጅ አርፏል፤ የእጁ ባለቤት የለም። እናቴ ማን እንደ ነበር ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች። ስለዚህ ጄኔራሉን «ምነው ባያቃጥሉት!» ብዬ ልወቅሳቸው አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ያ ወረቀት ለእኛ ታሪክ ነው፤ ለእሳቸው ግን ማስረጃ ሆኖ ሊመጣባቸው የሚችል ነገር ነበር።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ልጁ የተወለደው በ1696 ገደማ ነው። ከወገኖቹ ተነጥቆ በባሕር ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ደረሰ። በዚያ ጊዜ ጥቁር ልጆችን በአሽከርነት ማቆም በአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች የክብር ምልክት ነበር፤ ጴጥሮስም ፈለገ። ሳቫ ራጉዚንስኪ የተባለ ነጋዴ ልጁን ከቱርኮች ከተማ አውጥቶ በ1704 መጨረሻ ሞስኮ አስገባው። በዓመቱ በቪልኒዩስ ከተማ በቅድስት ጰራስቅያ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ የክርስትና አባቱ ንጉሡ ራሱ ሆነ። ጴጥሮስ የሚል ስም ሲሰጡት አልቅሶ እምቢ አለ ይባላል። ልጅ ነው፤ ሁሉን ተነጥቋል፤ ከስሙ በቀር የቀረው የለም። ንጉሡም ተዉት አለ፤ ኢብራሂም የነበረው አብራም ተብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ቆየ።

ከአገሩ ያመጣው ሌላ ነገር ቢኖር አንዲት ትዝታ ናት። ከሞቱ በኋላ የተጻፈው የጀርመንኛ ታሪክ እንደሚለው ላጋን የምትባል ታላቅ እኅት ነበረችው። መርከቧ ልጁን ይዛ ስትነሣ ላጋን ውሃ ውስጥ ገብታ በዋና ተከተለች፤ ማባበሉም ልመናውም ከንቱ ሲሆን ማለት ነው። ዋኘች፣ ዋኘች፤ ከዚያ አልታየችም። ጄኔራሉ በስተርጅናቸው የእሷን ነገር ሲያነሡ እንባ ይቀድማቸው ነበር ይላል ጽሑፉ። ስለ ምሽግና ስለ ጦርነት የሚያወራው ያ ሁሉ ገጽ ተጠቅልሎ አንድ ጎን ቢቀመጥ፣ ይህቺን ልጅ የሚያህልብኝ የለም።

ልጁ በንጉሡ ጓዳ አደገ፤ በዘመቻም አብሮት ዞረ። በ1717 ጴጥሮስ ፓሪስን ሲጎበኝ ወጣቱን ለትምህርት እዚያው ተወው። ፈረንሳይ በ1719 ከስፔን ጋር ስትዋጋ እሱም ዘመተ፤ ጭንቅላቱን ቆሰለ፤ ከዚያም በላ ፌር የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገባ። ኑሮው የችግር ነበር። ጆን ሎ የተባለ ባለባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብ ፈረንሳይን ያናጋበት ጊዜ ነውና ከሩሲያ የሚላክለት ገንዘብ እጁ ሲገባ ዋጋ አልነበረውም። ወደ ቅዱስ ፒተርስበርግ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የተራበ ተማሪ ደብዳቤዎች ናቸው። ሆኖም በ1723 ሲመለስ ወደ 400 የሚጠጋ መጽሐፍ ይዞ ነበር። እየተራበ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

ጴጥሮስ በ1725 ሞተ፤ የልጅ ልጁ አስተማሪ የነበረው አብራምም ጥላ አጣ። ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ በእጅ ጽፎ ለንግሥት ካተሪን ቀዳማዊት ቢያበረክትም አላዳነውም። በ1727 ሥልጣኑን ጠቅልሎ የያዘው ሜንሺኮቭ ወደ ካዛን ሰደደው፤ ከካዛን ቶቦልስክ፣ ከቶቦልስክ ደግሞ ከቻይና ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሴሌንጊንስክ። የተሰጠው ትእዛዝ የቻይናን ግንብ ለካ የሚል ነበር ይባላል። ግዞት መሆኑን ለመሸፈን እንዲህ ያለ ሥራ መፍጠር የየዘመኑ ባለሥልጣን ሙያ ነው። ከሳይቤሪያ የተመለሰው ሜንሺኮቭ ራሱ ወድቆ፣ እሱም በተራው በግዞት ከሞተ በኋላ ነው። ሃኒባል የሚለውን የካርታጎ የጦር መሪ ስም መጠሪያው ያደረገውም በእነዚሁ የመከራ ዓመታት ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። በ1731 የአንድ ግሪካዊ የመርከብ ካፒቴን ልጅ የሆነችውን ኤቭዶኪያን ያለ ፈቃዷ አገባ። ትዳሩ አልሆነም። ሌላ ወደደች፣ ልትመርዘኝ አሲራለች ብሎ ከሰሳት፤ አሠቃያት፤ በፔርኖቭ ከተማ ለዓመታት ታስራ ማቀቀች። ፍቺው ሳይጸና በ1736 ክርስቲና ሬጂናን አገባ። ክርክሩ እስከ 1753 ተጎትቶ መጨረሻው ኤቭዶኪያን ገዳም ማስገባት ሆነ። እኅቱን እያሰበ የሚያለቅሰውና ሚስቱን ያሠቃየው አንድ ሰው ነው። ስለ ሃኒባል በአማርኛ የሚጻፈው ብዙው ይህን ያልፈዋል፤ ለጀግና ያደላን መስሎን። እሷም የታሪኩ አካል ናት።

በ1741 የጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ስትነግሥ ቀን ወጣላቸው። አሁን እንግዲህ አንቱ ልበላቸው፤ ሜጀር ጄኔራል ሆነው የሬቫል፣ የዛሬዋ ታሊን፣ አዛዥ ተባሉ። በፕስኮቭ አውራጃ ሚካይሎቭስኮየን ጨምሮ ሰፊ ርስት ተሰጣቸው። በኋላም ወደ መሐንዲሶች ጦር ተዛውረው በክሮንሽታት የመርከብ ቦይ አሠሩ፤ በ1759 የሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ አገኙ። በ1762 ከሥራ ተሰናብተው ከዋና ከተማው በስተ ደቡብ ባለችው ሱይዳ ርስታቸው ተቀመጡ። ድንች በሩሲያ መሬት ቀድመው ካለሙት አንዱ እንደ ሆኑም ይነገራል። በ1781 እዚያው ሲያርፉ፣ ሩሲያ ከገቡ ጀምሮ ስምንት ነገሥታት ሲፈራረቁ አይተዋል። የስምንት ቤተ መንግሥት ነፋስ ያለፈበት ሰው ደወል ቢያስደነግጠው ምን ይደንቃል?

ማስታወሻው ከተቃጠለ፣ ስለ ትውልድ አገራቸው ከእሳቸው አንደበት የቀረን ምንድን ነው? አንድ የማመልከቻ ወረቀት። በ1742 የመኳንንት ማዕረግና የቤተሰብ ዓርማ እንዲጸናላቸው ለኤልሳቤጥ ሲያመለክቱ፣ ከአፍሪካ እንደ ሆኑ፣ ከዚያው አገር መኳንንት እንደ ተወለዱ፣ የተወለዱትም በአባታቸው ግዛት ባለች ሎጎን በተባለች ከተማ እንደ ሆነ፣ አባታቸውም ከእርሷ ሌላ ሁለት ከተሞችን ይገዙ እንደ ነበር ገለጹ። የመንግሥቱን ስም አልጠቀሱም። በዓርማቸው ላይ ዝሆን ይታያል፤ ከዝሆኑ ጋር በላቲን ፊደል ፉሞ የሚል ጽሕፈት አለ። ፍቺው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሎጎን፣ ላጋን፣ ፉሞ፤ በአምስት አገር ቋንቋ መካከል የኖረ ሰው ከመጀመሪያው ዓለሙ የተረፉት ቃላት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

አቢሲኒያ የሚለው ቃል የመጣው ከሌላ ወረቀት ነው፤ ከላይ ከጠቀስኩት የጀርመንኛ ታሪክ። የጻፈው የጄኔራሉ አማች ሮትኪርኽ መሆኑ ታውቋል። አማች ከሚስቱና ከአማቶቹ የሰማውን በፍቅር ነው የሚጽፈው፤ ስለዚህ ጽሑፉ አማቱን የካርታጎው ሃኒባል ዘር እስከ ማድረግ ይደርሳል። አቢሲኒያም በዚያው እስትንፋስ ነው የምትነሣው።

በ1899 የፑሽኪን መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ሎጎንን አገኘኋት አለ። ከመረብ ምላሽ፣ በሐማሴን ያለችው ሎጎ ናት ሲል ጻፈ። ጊዜው ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ በሩሲያ የኢትዮጵያ ስም የገነነበት፣ ኋላ ፊታውራሪ የሆኑት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሄደው የመድፈኝነት ትምህርት የቀሰሙበት ዘመን ነው። ሐሳቡ ቢጣፍጥ አይገርምም። ልጁ በተወለደበት ጊዜ በጎንደር የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ነበሩ፤ ምጽዋ ደግሞ በቱርኮች እጅ ነበረች። በዚያ በኩል ሕፃን ተሰርቆ ቁስጥንጥንያ ሊደርስ ይችላል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን የአኑቺን ጽሑፍ አንድ መራራ ነገር አለው፤ እኛ ስናወራው የምንተወው። ምሁሩ የሰው ዘርን በደረጃ ከሚከፍሉት ወገን ነበር። እንዲህ ያለ ብሩህ ቤተሰብ «ኔግሮ» ከሚባለው ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ሐበሻ መሆን አለበት ነው የሙግቱ አንድ ምሰሶ። ማለትም ሃኒባልን የሰጠን ሌላውን አፍሪካዊ ንቆ ነው። እንዲህ ያለ ስጦታ እጅ ዘርግቶ መቀበል ይከብዳል። በአድዋ የተዋጉት አያቶቻችን ያሸነፉት ያንኑ ሐሳብ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ደራሲው ቭላድሚር ናቦኮቭ በ1964 ባሳተመው የፑሽኪን ትርጉም ላይ ባያያዘው ጥናት የአኑቺንን ማስረጃ አንድ በአንድ ፈትሾ ጠርጥሮታል። በ1996 ደግሞ የቤኒኑ ተወላጅ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ሌላ ሎጎን አቀረበ፤ ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ በሎጎን ወንዝ ዳር፣ በዛሬዋ ካሜሩን ያለችውን ሎጎን ቢርኒ። የኮቶኮ ሕዝብ ከተማ ናት፤ የራሷ ሱልጣን ነበራት፤ ስሟም ከማመልከቻው ቃል ጋር አንድ ነው። ኛማንኩ የዓርማውን ጽሕፈት እንኳ በኮቶኮ ቋንቋ ፈትቶታል። የጀርመንኛው ታሪክ አባትዮው ብዙ ሚስቶች እንደ ነበሯቸው ማውሳቱና የልጁ ስም ኢብራሂም መሆኑም ለአንድ ሙስሊም ገዥ ቤት ይበልጥ ይስማማሉ። እኔ የቀረበውን አንብቤ ሳበቃ ሚዛኑ ወደ ሎጎን ቢርኒ ደፋብኝ። ሐማሴን አይሆንም ብሎ የሚምል ሰው አይደለሁም፤ ጄኔራሉ መልሱን በእሳት ልከውታልና። የሳር ቤቱ ሐውልትም ይቁም። ከቻድ ሐይቅ ዳር የተነጠቀ ልጅ የልጅ ልጅ ልጅ አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ቢኖረው ማን ይከፋዋል?

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ከአብራም ልጆች የበኩሩ ኢቫን በ1770 ቱርኮች በተሸነፉበት በናቫሪን ውጊያ ስሙ ተጠራ፤ የኼርሶንን ከተማም መሠረተ። ኦሲፕ የፑሽኪን እናት አባት ነው። የነገሩ ቁልፍ ግን ከመካከላቸው ጴጥሮስ የተባለው ሆነ። እሱም እንደ አባቱ መድፍ ለምዶ በጄኔራልነት ጡረታ ወጥቶ ከሚካይሎቭስኮየ ብዙ በማይርቀው ፔትሮቭስኮየ ርስቱ ተቀመጠ። በጡረታው ዘመን ቮድካ ማውጣት የቤት ሙያው ነበር። በ1817 ፑሽኪን ትምህርቱን ጨርሶ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ሊጠይቀው ሄደ። ሽማግሌው ቮድካ አስመጣና ለራሱ ቀዳ፤ ለልጁም አስቀዳለት። ልጁ ፊቱን ሳያጨማድድ ጭልጥ አደረገው። አዛውንቱን ደስ አለው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደገሙ፤ ምሳ እስኪቀርብ እንዲሁ ሆኑ። ከዕድሜ ባለጠጋ ጋር ተቀምጦ የቤት አረቄ የቀመሰ ሰው ሁሉ ያንን ከሰዓት ያውቀዋል። ታሪክ የሚነገረው በዚያ መካከል ነው።

ፑሽኪን በ1824 በንጉሡ ትእዛዝ ተግዞ ሚካይሎቭስኮየ ገባ። ቅድመ አያቱ ከግዞት ወጥተው ያገኟት ርስት ለእሱ ግዞት ሆነችው። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ለአንዲት ጎረቤቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሽማግሌው የእናቱ አጎት ዛሬ ነገ ሳይሉ እንደሚሞቱ፣ ከዚያ በፊት ስለ ቅድመ አያቱ የተጻፈውን መቀበል እንዳለበት ይናገራል። ያቺን ጥድፊያ አውቃታለሁ። ወንበር ስበን «እስቲ ያን ነገር ድገሙልኝ» ሳንል የቀበርናቸውን እያሰብን ነው የምናነባት። ፑሽኪን ግን ደረሰ። ጴጥሮስ ሃኒባል በ1826 ሞተ፤ ወረቀቶቹም በባለቅኔው እጅ ተገኙ። አንዱ ጴጥሮስ ራሱ ስለ አባቱና ስለ ራሱ በሩሲያኛ ጀምሮ ጥቂት ሄዶ ያቋረጠው ማስታወሻ ነው። ሌላው የአማቹ የጀርመንኛ ታሪክ ነው።

በ1827 ፑሽኪን ስለ አብራም ልብ ወለድ ጀመረ። የጴጥሮስ ኔግሮ ብለን የምናውቀው ያ ሥራ ጥቂት ምዕራፎች ተጽፎ ቆመ፤ ደራሲው በ1837 በጥይት ፍልሚያ እስኪሞት ድረስ አልተመለሰበትም።

ፑሽኪን ፈረንሳይኛን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተናገረው፣ በትምህርት ቤት ጓደኞቹ «ፈረንሳዊው» ያሉት ሰው ነው። ጀርመንኛ ግን እምብዛም አይሆንለትም ነበር። ጄኔራሉ በፈረንሳይኛ የጻፉትን ቢያገኝ ኖሮ በአንድ ሌሊት አንብቦት ያድር ነበር። እጁ የገባው ግን የጀርመንኛው ነበርና ወደ ሩሲያኛ እየተመለሰ፣ እያጠረ፣ እንዲገለበጥ ሆነ። ያ ግልባጭ በራሱ በፑሽኪን እጅ ተጽፎ በወረቀቶቹ መካከል ተገኝቷል፤ የላጋንም ስም አለበት።